ካባውን የጠላ ደም

ራሔል የመስኮቱን መጋረጃ በሁለት ጣቷ ገለጥ አድርጋ ከሦስተኛ ፎቅ ቁልቁል ታያለች። የናይሮቢዋ ኢስትሊ ዝናብ ጠጥታ ጠግባለች። ሚኒባሱ ማታቱ ይጮሃል፤ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጣራል፤ ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ከድንጋይ ድንጋይ ይዘላሉ። በዚህ ሁሉ መሀል አንዲት ነጭ መኪና መጥታ ከእናቷ ምግብ ቤት ደጅ ቆመች። የኋላው በር ተከፈተና ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ የሀብታሞቹ ሰፈር የላቪንግተን ጫማ ብቅ አለ። ጫማው ጭቃውን አየና አየር ላይ ቀረ።

“ርገጪው” አለች ራሔል በሹክሹክታ። “ርገጪው እንጂ ወይዘሮ ሃረጉ። እኛ ረግጠነው ነው ያደግነው።”

ጫማው ረገጠ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ዋጠው። ራሔል ደረቷ ውስጥ አንድ ሞቅ ያለ ነገር ሲፈስ ተሰማት።

“መጡ እንዴ?” አላት አጎቷ ጋሼ ጓንጉል ከኋላዋ፣ ለሠርግ ብቻ የሚያወጣውን ኮት ለመልበስ እየታገለ።

“መጡ። አሁን ደረጃውን ይጀምሩታል።”

“ምነው ሊፍቱን ቢያሠሩት ኖሮ። ሴትየዋ ጉልበቷን ያማታል ይላሉ።”

“ሊፍቱ እኮ ትናንት ተሠርቷል ጋሼ።”

“ታዲያ?”

“ዘበኛውን ‘ዛሬ አጥፋልኝ’ ብዬው ነው።”

ጋሼ ጓንጉል አንድ እጁ እጅጌው ውስጥ እንዳለ ቀረ። “አንቺ ልጅ፣ ይሄ የጋብቻ ሽማግሌ ነው ወይስ የፍርድ ቤት ቀጠሮ?”

ራሔል ፈገግ አለች። አጎቷ ያንን ፈገግታ ጨርሶ አልወደደውም።

*

ነገሩን ከሥሩ ለማታውቁ ልንገራችሁ።

ራሔል ከእናቷ ምግብ ቤት ጎን ባለች ጠባብ ሱቅ የሀበሻ ቀሚስ ትሰፋለች። ዶክተር ኣዶናይ ደግሞ የተወለደው እዚሁ ናይሮቢ፣ ላቪንግተን፣ ከረጅም አጥር ጀርባ ነው። ቤተሰቦቹ ኤርትራውያን ናቸው፤ እናቱ ወይዘሮ ሃረጉ ግን ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ ያሳለፉ፣ አማርኛቸው ከብዙዎቻችን የጠራ ሴት ናቸው። ልጁ አንድ ቀን እናቱ በሰው በኩል ያሠፉትን ቀሚስ ሊወስድ ሱቋ ገባ። ቀሚሱ አላለቀም ነበር።

“ቁጭ ብዬ ልጠብቅ?” አላት።

“ሳዋ” አለችው፣ እሺ ማለቷ ነው፤ “ግን ይቆያል።”

ቆየ። በማግስቱ ደግሞ ምንም ያልሆነ ሰማያዊ ሸሚዝ ይዞ መጣ። “ምኑን ልስፋልህ?” ብትለው፣ ሸሚዙን ገልብጦ ገልብጦ አየና፣ “አንቺ ቀዳዳ ፈልጊለት” አላት። እንዲህ ነው የተጀመረው።

ዓመት ያህል በስውር ተዋደዱ። በስውር የሆነው በእናቶቻቸው ምክንያት ነው። የራሔል እናት ወይዘሮ ውባንቺ በልጅነታቸው ካዛንችስ በወይዘሮ ሃረጉ ቤት ወጥ ሠሪ ነበሩ። አንድ ጠዋት የወርቅ ጉትቻ ጠፋ ተባለ። ውባንቺ በሰው ፊት መቀነቷ ተፈትቶ ተፈተሸች፤ ጉትቻው ሳይገኝባት ተባረረች። ዘመን አለፈና ሁለቱም ናይሮቢ ገቡ፣ አንዷ ላቪንግተን፣ አንዷ ኢስትሊ። ለቅሶ ቤት ቢገናኙ እንኳ አንዷ ሌላዋን በትከሻዋ ላይ አሻግራ ነው የምታየው።

በመጨረሻ ኣዶናይ፣ “ይበቃል፣ ከእናቴ ጋር ላስተዋውቅሽ” አለ። ራሔል በገዛ እጇ የሰፋችውን ለብሳ ሄደች። ወይዘሮ ሃረጉ ከላይ እስከ ታች አይተዋት፣ “የውባንቺ ልጅ አይደለሽ? እንኳን ደህና መጣሽ። የወጥ ቤቱ በር በጓሮ በኩል ነው፤ የእናንተ ወገን በዚያ ነው የሚገባው” አሏት። የኣዶናይ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም። ራሔል ከእናቲቱ ንግግር ይልቅ የልጁን ዝምታ ጠላችው።

ያን ሰሞን ወይዘሮ ውባንቺ ካንሰራቸው አገርሽቶባቸው አዲስ መድኃኒት ሊጀምሩ ነበር። የሚሰጣቸው ኣዶናይ ነው። ዶክተሩ የማን ልጅ እንደሆነ ግን አያውቁም፤ ራሔል ደብቃቸዋለች፤ ቢያውቁ አይሄዱማ። በቀጠሮው ጠዋት ራሔል ፊቱን ማየት ስላስጠላት እናቷን ከጋሼ ጓንጉል ጋር ላከችና፣ ሱቋ ውስጥ ቁጭ ብላ፣ ስልኳን አፏ ላይ ደቅና እያለቀሰች ረጅም የድምፅ መልእክት ላከችለት።

ከዚያ ጋሼ ጓንጉል ደወለ። “ቶሎ ነይ” ብቻ ነው ያላት።

መድኃኒቱ እንደ ከርከዴ ቀይ ነው። በቱቦው መውረድ ከመጀመሩ የወይዘሮ ውባንቺ ፊት በርበሬ መሰለ፤ ወገባቸውን እንደ ምጥ ያዛቸው፤ ጉሮሯቸው ተዘጋ። ነርሷ ወደ ሌላ በሽተኛ ዞር ብላ ነበር። ኣዶናይም አጠገባቸው አልነበረም። ሮጦ ሲደርስ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ቱቦውን ዘጋው፣ በመርፌ ተሯሯጠ፣ አዳናቸው። ፅኑ ሕሙማን ክፍል ግን ገቡ።

ኮሪደር ላይ ለራሔል አስረዳት። “መድኃኒቱ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ቅንጣት ነው። ካባ አልብሰውታል፤ ሰውነት እንደ ባዕድ ሳያየው ዕጢው ድረስ እንዲዘልቅ። የአንዳንድ ሰው ደም ግን ካባውን ራሱን ጠላት ያደርገዋል። ውስጡ ምን እንዳለ አይጠይቅም፤ ይነሳበታል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ በጣም በዝግታ የምንለቀው፤ አጠገብ የምንቀመጠውም ለዚህ ነው።”

“አንተስ? አጠገቧ ነበርክ?”

“አልነበርኩም።”

“የት ነበርክ?”

ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። “ኮሪደር ወጥቼ ነበር። ስልክ ይዤ... ፕሊስ ራሔል፣ ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።”

ስልክ! የማን ስልክ? እናቱ ያጩለት አንዲት ኤልሳቤት የምትባል የኪሌሌሽዋ ሰፈር ልጅ ነበረች። ለራሔል ሌላ ሰው ሊታያት አልቻለም። እናቴ ስትታነቅ እሱ ከኤልሳቤት ጋር ይሽኮረመም ነበር! ይሄም አልበቃው ብሎ ጥፋቱን በእናቴ ደም ያላክካል!

“ስማኝ” አለችው፤ ድምፅዋ አልጮኸም፣ ቀጠነ እንጂ። “እናትህ እናቴን በጉትቻ ከሰሰቻት። አንተ ደግሞ ደሟን ከሰስከው።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍቅሯ የት እንደገባ አታውቀውም። ባዶ የቀረውን ቦታ ሌላ ነገር ሞላው፤ ያም ነገር ከፍቅር ይልቅ ብርታት ይሰጣል።

*

ለሆስፒታሉ አቤት አለች። ኣዶናይ ታገደ። “ኃላፊነቱ የእኔ ነው” ከማለት በቀር አንድም ቃል እንዳልተነፈሰ ሰማች። አላዘነችለትም። ቁጥሩን ዘጋችበት። ሰማያዊ ሸሚዙ ከሱቋ መስቀያ ላይ ቀርቶ ነበር፤ አንድ ቀን ትልቁን የጨርቅ መቀስ አንስታ ከአንገትጌው እስከ ጫፉ ሰነጠቀችው። ጨርቁ ሲቀደድ የሚያወጣው ድምፅ እንዲህ የሚጥም መሆኑን በዚህ ሁሉ የስፌት ዘመኗ አላወቀችም ነበር።

ወይዘሮ ውባንቺ እየከሱ ሄዱ፤ ሆዳቸው ግን ውኃ እየቋጠረ አበጠ። “እዚያ ቤት አልመለስም” አሉ። ኣዶናይ በጋሼ ጓንጉል በኩል መልእክት ላከ፦ ሌላ ሐኪም ያው መድኃኒት ነው የሚሻላት ብሏል፣ በዝግታ ከተሰጠ ብዙ ሰው ደግሞ ይቀበለዋል፣ ጊዜ አታጥፉ። ራሔል፣ “አንዴ ያነቃት አልበቃውም?” አለች። ወይዘሮ ውባንቺም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ኣዶናይ ደጃቸው እየመጣ ቢያንኳኳ አልተከፈተለትም።

አንድ ቀን፣ ያኔም ዝናብ ነበር፣ ሱቋ በር ላይ እንደበሰበሰ ቆሞ አገኘችው። ያሰበችው ነገር በዚያች ቅጽበት ነው ተሟልቶ የታያት።

“አሁንም ትወደኛለህ?”

“ታውቂያለሽ።”

“እንግዲያው ሽማግሌ ላክ።” ቃሉን እንደ ክር በጥርሷ በጠሰችው። “ግን እናትህ ራሷ አብራ ትምጣ። ደረጃችንን ትውጣ። ደጃችን ላይ ትቁም።”

ሽማግሌ እንደሆነ ደንቡ የታወቀ ነው፤ ጉዳዩ መልስ እስኪያገኝ አይቀመጥም። ወይዘሮ ሃረጉ በዚያ በታመመ ጉልበታቸው እንደቆሙ፣ የውባንቺ ልጅ በሰው ፊት ልጃቸውን እምቢ ትላለች። የሠራውንም ትናገራለች። ወሬው ከኢስትሊ ተነስቶ ላቪንግተን ለመድረስ ማታቱ አይፈልግም።

ኣዶናይ ጥርሷን አየ። ውኃው ከፀጉሩ ወደ ቅንድቡ ይወርዳል።

“ሳዋ” አለ በመጨረሻ። “እናትሽ እቤት ትኖራለች? ያኔ?”

“ትኖራለች። ምነው?”

“እንዲሁ ነው” ብሎ ወደ ዝናቡ ገባ። ራሔል የጀርባውን መራቅ ስታይ ደስታዋ ውስጥ አንዲት የመርፌ ጫፍ የምታክል ነገር ወጋቻት። ነቅላ ጣለቻት።

*

አሁን ወደ ሦስተኛው ፎቅ እንመለስ።

በመጀመሪያ የገቡት አቶ ፍሥሐ ናቸው፣ ከዘራ የያዙ፣ ነጋዴም መካሪም የሆኑ ሽማግሌ። ቀጥሎ የወይዘሮ ሃረጉ ወንድም አቶ ሃብተኣብ። ከኋላ፣ በሩን በአንድ እጃቸው ደግፈው፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ፣ ወይዘሮ ሃረጉ። ጥቁሩ ጫማ ቡናማ ሆኗል።

ወይዘሮ ውባንቺ ጋቢ ተከናንበው ሶፋው ላይ ጋደም ብለዋል። ዓይናቸውን ከጫማው አልነቀሉም።

“እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ቁጭ በሉ እንጂ!” አለ ጋሼ ጓንጉል።

“የለም፤ ጉዳያችን መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም” አሉ አቶ ፍሥሐ ጉሮሯቸውን ጠርገው። “የመጣነው ሁለት ነገር ልንለምናችሁ ነው። አንደኛው፣ ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን ነው። ሁለተኛው...”

“የመጀመሪያውን እኔ ልመልስላችሁ አባቶቼ።”

ራሔል ከጓዳው መጋረጃ ወጥታ ቆመች። አቶ ሃብተኣብ ደነገጡ። “ልጄ፣ ደንቡ እኮ...” አሉ አቶ ፍሥሐ።

“ደንቡን አውቀዋለሁ። ሙሽራዋ ጓዳ ትቀመጣለች። ጓዳውንማ እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን፤ ወይዘሮ ሃረጉ ይመስክሩልኝ። የእኛ ወገን በጓሮ ነው የሚገባው አላሉኝም? ይኸው ዛሬ እርስዎ በእኛ በር ገቡ። በጭቃው። በደረጃው።” ድምፅዋ እየጨመረ ሄደ። “አልፈልገውም! ልጅዎን አልፈልገውም! እናቴ ስትታነቅ ኮሪደር ላይ ከሴት ጋር በስልክ ሲያወራ የነበረ ሰው ነው። ጥፋቱን በደሟ ያላከከ ሰው ነው። እዚህ ያስጠራኋችሁ ቆማችሁ ይህን እንድትሰሙኝ ነው። ሰማችሁ? አሁን መሄድ ትችላላችሁ።”

ታች ማታቱ ጮኸ።

“ጨረስሽ?” አሉ ወይዘሮ ሃረጉ ቀስ ብለው። “ይገባኛል። ለራሴ ብዬ ብመጣ ኖሮ ከደጅ እመለስ ነበር። ልጄ እህል ትቷል። እናት ስትሆኚ ጭቃ ምን እንደሆነ...” አልጨረሱትም። የደገፉት እጅ ከበሩ ላይ ተንሸራተተ፣ ጉልበታቸው ከዳቸው፣ አቶ ሃብተኣብ ብብታቸውን ያዙ።

“ወንበር አምጡ!” ብለው ወይዘሮ ውባንቺ ከሶፋው ተነሱ። “ይቀመጡ እትዬ!”

እትዬ።

ቃሉ ማንንም ሳያስፈቅድ ነው የወጣው፤ ከካዛንችስ፣ ከስንት ዘመን ጓዳ። ወይዘሮ ውባንቺ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከዚያ ዓይናቸው በንዴት እንባ ሞላ።

“እማዬ፣ ምን ብለሽ...”

“ዝም በይ ራሔል! እስኪ ዝም በይ። ስልኩ ላይ ሴት ነበረች አልሽ? ነበረች። እኔ ሰምቻታለሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ታለቅሳለች። ‘የእናትህ ልጅ’ ትለዋለች። ‘የሃረጉ ልጅ፣ እናቴን እንዳዋረዳችኋት’ ትለዋለች። የገዛ ልጄን ለቅሶ አልለይም?”

ራሔል የገዛ ድምፅዋን ያየችው ያኔ ነው፤ እንደ ሰው ቆሞ፣ ኮሪደር ላይ።

“ክንዴ በሃረጉ ልጅ እጅ እንደታሰረ ያን ጊዜ ገባኝ” አሉ ወይዘሮ ውባንቺ። “ልነሳ አልኩ፤ ቱቦው ይዞኛል። ቶሎ ይለቅና ልሂድ ብዬ፣ ቱቦው ላይ ያለችውን ትንሽ ማዞሪያ አዞርኳት። ዕድሜ ልኬን የጋዝ ምድጃ ስከፍት ስዘጋ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ቶሎ እንዲደርስልሽ ትከፍቺዋለሽ፤ በቃ። እስከ ጥግ ከፈትኳት። ሮጦ ሲገባ ማዞሪያዋን አየ። እጄንም አየ። አንድ ቃል አልተናገረም። እስከ ዛሬ።”

“ታዲያ ምነው ዝም አልሽ አንቺ ሴት!” አለ ጋሼ ጓንጉል።

“አፍሬ። ደግሞ ማፈር ብቻ አይደለም፤ በዚህ ሆዴ ላይ ውሸት ልጨምርበት? የሃረጉ ልጅ ሲዋረድ ደስ ብሎኛል። ይቺም ሽማግሌ የጠራችው ለምን እንደሆነ ገብቶኛል፤ እናቷ አይደለሁ? ደጄ ላይ ቆማ ላያት ፈለግሁ። ይኸው ቆመች። ይኸው አየኋት።” ድምፃቸው ተሰበረ። “ምንም እኮ አይደለም። አሮጊት ናት። እግሯ አብጧል።”

ወይዘሮ ሃረጉ ወንበሩ ላይ አልተቀመጡም። ወንበሩን ይዘው ቆሙ።

“ጉትቻው ተገኝቶ ነበር ውባንቺ” አሉ። “በዚያው ሳምንት። ከፍራሹ ሥር። ልፈልግሽ ግን አልወጣሁም።”

“አውቃለሁ” አሉ ወይዘሮ ውባንቺ። “ያንቺ ጉትቻ ምንጊዜም እዚያ ነው የሚወድቀው። አልጋ ሳነጥፍ ስንት ጊዜ አንስቼ ሰጥቼሻለሁ።”

‘አንቺ’ ሲሏቸው የመጀመሪያቸው ነበር። ራሔል ለወራት ያከማቸችው ሙቀት ሁሉ ከደረቷ ወጥቶ ሲሄድ፣ በቦታው የቀረው ብርድ አጥንቷ ድረስ ገባ።

*

ደረጃውን ሮጣ ወረደች። ሊፍቱ መቼም ጠፍቷል፤ እሷው ናት ያጠፋችው።

ኣዶናይ ነጩ መኪና ውስጥ፣ መሪው ላይ ሁለት እጁን አድርጎ ተቀምጧል። መስታወቱን አወረደ። በሩን አልከፈተላትም።

“ነገሩሽ ማለት ነው” አለ ፊቷን አይቶ።

“የኔ ድምፅ ነበር! ለምን አልነገርከኝም? እኔ ኤልሳቤት መስላኝ...”

“ኤልሳቤት? ኤልሳቤት እኮ አግብታ ኪጋሊ ከገባች ቆየች!” ሊስቅ ነበር፤ አልሳቀም። “ምን ብዬ ልንገርሽ ራሔል? እናትሽ ስትታነቅ አንቺን እየሰማሁ ነበር ልበልሽ? ዕድሜሽን ሙሉ ይዘሽው ትኖሪ ነበር። እኔ ልያዘው አልኩ። ደግሞም ከአጠገቧ መነሳት ያልነበረብኝ እኔ ነኝ። እሱን ማንም አይካፈለኝም።”

“እማዬ ናት ማዞሪያውን...”

“ባትነካውም ሊነሳባት ይችል ነበር። በዝግታም ሲሰጣቸው የሚነሳባቸው አሉ። አላውቅም። ማንም አያውቅም።”

ዝናቡ አንገቷ ውስጥ ይገባል። “ሽማግሌ ላክ ስልህ...”

“ለበቀል እንደሆነ አውቄያለሁ። በጥርስሽ ነው የተናገርሽው።”

“እያወቅክ ነው እናትህን ለውርደት የላክሃት?”

“እናትሽን ፍለጋ ነው። ስንት ጊዜ አንኳኳሁ፣ አልተከፈተልኝም። ለሽማግሌ ግን በር አይዘጋም። አቶ ፍሥሐን ለመንኳቸው፤ አንደኛው ልመና አንቺ፣ ሁለተኛው እናትሽ ወደ መድኃኒቷ እንድትመለስ። አንደኛውን እንደምትነፍጉኝ አውቃለሁ። ሽማግሌን አንዴ እምቢ ያለ ሰው ደግሞ ሁለተኛ እምቢ ለማለት ያፍራል።”

ራሔል የመኪናውን በር ይዛ ቀረች። እሷ ማዋረጃ ያደረገችውን ደንብ እሱ መድኃኒት ማስገቢያ አድርጎታል! እጇን በመስኮቱ አስገብታ እጁን ያዘች። ቀስ ብሎ አወጣው።

“አይሆንም” አለ። “እኔም ሰው ነኝ። እኔም ቂም አለኝ።”

“ስደበኝ እንግዲያ። ተበቀለኝ።”

“እበቀልሻለሁ” አላት ዓይን ዓይኗን እያየ። “ቆዪ።”

ያ ‘ቆዪ’ ከስድብ ሁሉ ይልቅ አስፈራት፤ ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ፣ ተስፋም የመሰላት እሱው ብቻ መሆኑ።

*

አቶ ፍሥሐ ሁለተኛውን ልመና ሲያቀርቡ ወይዘሮ ውባንቺ ሁለተኛ እምቢ ማለት አፈሩ። ወደ ሆስፒታሉ ተመለሱ፤ ማዞሪያውን ማን እንደከፈተውም በራሳቸው አፍ ተናገሩ። ሆስፒታሉ ኣዶናይን ለመመለስ አለመመለስ ገና እየመከረበት ነው።

ወይዘሮ ሃረጉ ከላቪንግተን ሾርባ ልከው ነበር። ወይዘሮ ውባንቺ ቀመሱና ሳህኑን መለሱት። “ጨው አንሶታል በሏት” አሉ። እርቅ ነው ብሎ የሚያምን ይመን።

አሁን ወይዘሮ ውባንቺ እዚያችው የሆስፒታል ወንበር ላይ ናቸው። ሌላ ሐኪም አስቀድሞ የመከላከያ መርፌ ሰጣቸው፤ ቀዩን መድኃኒት በውኃ አቅጥኖ ለቀቀው። ጠብታው ይንጠለጠላል፣ ያስባል፣ ይወርዳል። ነርሷ ራሔልን፣ “ከአጠገቧ እንዳትነሺ፤ ፊቷ ከቀላ ጥሪኝ” አለቻት።

“እጄን እሠሩልኝ ብላቸው እምቢ አሉኝ” ብለው ወይዘሮ ውባንቺ ሁለቱን እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተቱ።

ያኔ ነው ራሔል ከኮሪደሩ የሰማችው። ገርበብ ካለው በር ማዶ፣ ከስልክ፣ የገዛ ድምፅዋን። ሳግ የቆራረጠው፣ የተናደደ፣ ሰው ሁሉ የሚሰማው።

“...የእናትህ ልጅ! የሃረጉ ልጅ! አፍህን ማን ሰፋው? እናቴን እንዳዋረዳችኋት እኔንም ልታዋርዱኝ...”

ራሔል ፊቷ ተቃጠለ። ነርሷ ዞራ አየች። ራሔል ሮጣ ወጥታ ስልኩን ከኣዶናይ እጅ ልትነጥቅ ፈለገች፤ ግን መነሳት አትችልም። ጠብታው አለ። የእናቷ ፊት አለ። በቀሉ ይሄ ነበር! እንድትቀመጥና እስከ መጨረሻው እንድትሰማው። ዓይኗን ከቀዩ ጠብታ ላይ ሳትነቅል ስድቧን አንድ በአንድ ሰማችው፤ እናቷም ሰሙት።

ድምፁ ቆመ።

“እዚህ ጋ ነበር ያሳለኝ” አሉ ወይዘሮ ውባንቺ ቀስ ብለው። “እዚህ ጋ ነው ትቶት የሮጠው።”

ራሔል ልቧ ዘለለ። ከዚያ ወዲህ ያለውን አልሰማውም ማለት ነው። እስከ ዛሬ! እሷም ቂሟ ውስጥ ቀብራው ረስታዋለች። ምን ነበር ያለችው? ድምፁ ቀጠለ፤ አሁን ለቅሶው ደክሟል።

“...ይሄን ሁሉ ብዬህ ደግሞ... ኡፍ። ና። ሱቅ ስዘጋ ና። ሸሚዝህ እኔ ጋ ነው። ቀዳዳ አግኝቼለታለሁ።”

አለቀ።

የእናቷ ፊት አልቀላም። ትንፋሻቸው እንደወትሮው ይወጣል ይገባል። ካባ ለባሹ መድኃኒት ይሄኛውን መንገድ ሳይነሱበት እያለፈ ነበር። በሩ ተገፋና ኣዶናይ ገባ። እንደ ዶክተር አልለበሰም። ዓይኑ ቀልቷል።

“ቁጭ በል እንጂ ልጄ” አሉት ወይዘሮ ውባንቺ።

“ጉዳዬ መልስ ሳያገኝ አልቀመጥም” አለ። ከዚያ ራሔልን አያት። “ቀዳዳው የቱ ጋ ነው?”

“ያን ጊዜ ውሸቴን ነው” አለች፤ እንባዋ አፏ ውስጥ ገባ። “ቀዳዳ አልነበረውም።”

“አሁንስ?”

“አሁን አለው። በመቀስ። ከላይ እስከ ታች።”

ወይዘሮ ውባንቺ፣ “ወይ ጉድ” አሉ ለራሳቸው።

ኣዶናይ ሸሚዙ ፊቱ የተዘረጋ ይመስል ቁልቁል አየ። “ይሰፋል?”

ራሔል መልሱን ለማሳመር አልሞከረችም። የቀደደችውን ታውቀዋለች፤ ስፌቱ እንደሚታይም ታውቃለች።

“ይቆያል” አለችው።

ጠብታው ተንጠለጠለ፣ አሰበ፣ ወረደ።

“ሳዋ” አለ ኣዶናይ፤ ወንበር ስቦ ከወይዘሮ ውባንቺ በወዲያኛው በኩል ቁጭ አለ። የራሔልን እጅ አልያዘም። እሷም አልዘረጋችለትም። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ምንም ነገር ቶሎ እንዲደርስ አልፈለገችም።